ከብርድ የተሸሸጉ ጣሳዎች

ሳጅን ኢተፋን የሰደበው እስራኤል ነው፤ ቀኑም በ2008 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ማግስት። ሰበታ ዳር ያለውን የእስራኤልን የመስታወት ቤት ሊጎበኝ ከወረዳው ሰዎች ጋር ገብቶ የሙቁን ክፍል በር ገርበብ አድርጎ ቢተወው፣ ሰውዬው በእንግዳ ፊት፣ «ዝጋው እንጂ! ካካዎን ትንሽ ብርድ ትገድለዋለች። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ይህንን አያስተምሩም?» አለው። ሁሉም ሳቁ። ኢተፋ በሩን ዘጋ፤ ሳቁን ግን ይዞት ወጣ።

በወሩ፣ ከተማው በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሲናጥ፣ አስፋልቱ በድንጋይና በጎማ ጭስ ተዘግቶ ሳለ፣ እዚያው ክፍል ተጠራ። አትክልተኛው ኦቦ ጉታ ከተሰበረው የመስታወት ጣሪያ ሥር ራሳቸውን ተፈንክተው ሞተዋል፤ አጠገባቸው ድንጋይ። ትናንት ማምሻውን ሰልፈኛው በአጥሩ ጥግ አልፏል። የእህታቸው ልጅ ገርባ ከሰልፉ መሃል ተይዞ በካቴና ቆሟል። የኢተፋ አለቃ፣ ኮማንደሩ፣ አሁኑኑ ወደ አዲስ አበባ ሊልከው ቸኩሏል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

«ድንጋይስ ወርውሬያለሁ፣ ኦቦ ሳጅን» አለ ገርባ። «አስፋልት ላይ። አጎቴን ግን እንዴት ብዬ?»

እስራኤል ትናንት ከቀኑ በስድስት ሰዓት አዲስ አበባ ሄዶ፣ መንገድ ተዘግቶበት እዚያው አድሮ፣ ጠዋት መግባቱን ተናገረ። ሠራተኛዋ ፋናዬ ደግሞ በአስር ሰዓት ካካዎዎቹን አጠጥታ፣ ኦቦ ጉታን ብቻቸውን ትታ መውጣቷን አስረዳች። ድምጿን ዝቅ አድርጋም ሽማግሌው እስራኤል ይህን መሬት ያለ ገበሬዎቹ ፈቃድ መውሰዱን ፍርድ ቤት ሊመሰክሩ ለሰኞ ተቀጥረው እንደነበር ጨመረች።

ኢተፋ መደርደሪያውን አየ። ስድስት ጣሳ የተቀመጠበት ክብ ርጥበት አለ፤ ጣሳ ግን የለም። ክቦቹ ላይ የመስታወት ስብርባሪ ተበትኗል። በግድግዳው መስታወት አሻግሮ ቢያይ፣ ስድስቱ የካካዎ ችግኞች በተቆለፈው የበረሃ ተክል ክፍል ውስጥ፣ በቁልቋሎቹ መሃል ከነጣሳቸው ቆመዋል።

ሁሉንም እዚያው ሰበሰባቸው።

«በአስር ሰዓት ጣሳዎቹ እዚህ ነበሩ» አለ። «ጣሪያው ሲፈርስ ግን ተነስተዋል፤ ስብርባሪው የወደቀው ባዶው ክብ ላይ ነውና። ሰልፈኛ ድንጋይ ከመወርወሩ በፊት ገብቶ ችግኝ ከብርድ አያሸሽም። ያነሳቸው ጣሪያው እንደሚሰበር አስቀድሞ ያወቀ፣ ራሱ ሰብሮ በሰልፈኛው ሊያሳብብ ያሰበ ሰው ነው። የዚያ ክፍል ቁልፍ ስንት ነው፣ ፋናዬ?»

«አንድ። ከጋሼ እስራኤል አንገት ወርዶ አያውቅም።»

«በስድስት ሰዓት የሄዱ ሰው፣ በአስር ሰዓት ውኃ የጠጣውን ጣሳ እንዴት ቆለፉበት?»

 ኮማንደሩ ቁልፉን ከእስራኤል አንገት አውልቆ የበረሃውን ክፍል ከፈተ፤ በጣሳዎቹ አፈር ላይ አንዲት የመስታወት ቅንጣት አልተገኘችም። ካቴናው ከገርባ እጅ ወደ እስራኤል እጅ ዞረ።

«ያቺን የኅዳሯን ቀን ይዘህብኝ ኖረሃል» አለ እስራኤል። ዓይኑ ግን ወደ ችግኞቹ ነበር። «ሳጅን፣ እባክህ በሩን ዝጋልኝ። ብርድ ይገባባቸዋል።»

ኢተፋ ቆቡን አጠለቀ፤ በተከፈተው በር አጠገብ አልፎ፣ ሳይዘጋው ወጣ።