በወንፊቱ ላይ የቀረው

ወይዘሮ ሙሉመቤት የሐምሌ ገብርኤል ለት ከቅዳሴ ሲመለሱ ዘከሪያ የልጃቸውን በር ሲደበድብ አገኙት።

«ኤርሚያስ አይሰማም እማማ» አለ። «ከሶፊ መንደር እስከዚህ የመጣሁት የመብራት ሞተሬን ልወስድ ነው።»

ጠብቀው መልስ ሲያጡ ዘከሪያ በሩን በትከሻው ገፍቶ ከፈተው። ኤርሚያስ ፍራሹ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ፊቱ ቀልቷል። ከግድግዳው ሥር የተደረደሩት አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች አይሠሩም። ክፍሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እናቱ ትንፋሹን ለመስማት ጆሯቸውን አፉ ላይ አደረጉና እንደዚያው ቀሩ።

ኢንስፔክተር መቅደስ ጉዳዩን ስትረከብ ነገሩ ያለቀ መስሎ ጠበቃት። ሐኪሙ ልጁ የሞተው በጄኔሬተር ጭስ ታፍኖ ነው ብሏል። ጄኔሬተሩ የዘከሪያ ነው፤ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ የገጠመውም እሱ ነው፤ በዋዜማው ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ጣቢያው ዘከሪያን አስሯል፤ በማግሥቱ ደግሞ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ነው።

ከቀብር በኋላ ወደ ግቢው ሄደች። ግቢው ከሸዋ በር ገባ ብሎ ጀጎል ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ሀጂ ኢብራሂም በጊደር መጋላ እህል ይነግዳሉ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ባለቤታቸው በወታደርነት ተመድበው ሐረር ከመጡ ጀምሮ የሀጂ ተከራይ ናቸው። የሟች ባላቸውን ወፍራም ካፖርት ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነገ ካልመለስክልኝ ትጸጸታለህ አለው፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ። «ችሎት ፊት ቆሜ እናገራለሁ። አንድ ልጅ ነው የነበረኝ። ያጠፋብኝን ሰው ፊቱን አይቼ ካላወቅሁ እንዴት ብዬ ውዬ አድራለሁ?»

«ዘከሪያ ጠላቱ ነበር?»

«ጠላት? እዚህ ቤት በልቶ ያደገ ልጅ ነው። ቁርጠት የያዘው ለት ያሸሁት እኔ ነኝ።» ካፖርቱን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡት። «ለዚያ ነው ያልገባኝ።»

መቅደስ ካፖርቱን አየችው። ከኪሱ ከፍ ብሎ ክብ ቃጠሎ አለበት። ተነሥታ ወደ ልጁ ክፍል ገባች።

የኤርሚያስ ክፍል ከጎኑ ዕቃ ቤት አለው። ጄኔሬተሩ የተቀመጠው እዚያ ነው። ቧንቧው ከሞተሩ ተነሥቶ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ወደ ግቢው ጀርባ ይወጣል። መቅደስ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቀቻቸው። አንዱም አልላላም። ነዳጁ ተንጠፍጥፎ አልቋል። በጀርባ በኩል ዞራ የቀዳዳውን አፍ ስታይ ዙሪያው ጥቀርሻ ነው፤ ጥቀርሻው ግን በጨርቅ እንደተጠረገ ሁሉ በቦታ በቦታው ተፍቋል።

ከኮምፒውተሮቹ አንዱን ጣቢያ አስወሰደችና ሂክማን አስጠራቻት። ሂክማ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ከኤርሚያስና ከዘከሪያ ጋር በዚህ ሥራ ላይ ነበረች።

«አምስት ኮምፒውተር ሌት ተቀን ምን ይሠራል?»

«ቁጥር ያጣራል።»

«ማን ይከፍላችኋል?»

«ማንም። እንደ እብድ የሚያየን ግን ብዙ ነው» አለች ሂክማ፤ ልትስቅ ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በየአገሩ ያለን የማንተዋወቅ ሰዎች ነን። ከራሱና ከአንድ በቀር በምንም የማይካፈል፣ በጣም ትልቅ ቁጥር እንፈልጋለን። እጩዎቹ ብዙ ናቸው፤ አንዱን መፈተን ራሱ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ በወንፊት እንነፋቸዋለን። አካፋይ የተገኘለት ይወድቃል።»

«ወንፊቱ ላይ የቀረውስ? የምትፈልጉት እሱ ነው?»

«ገና ነው። አልወደቀም ማለት ብቻ ነው። ወንፊት የማይሆነውን ይጥላል እንጂ የሚሆነውን አያሳይም። እያንዳንዳችን ድርሻ እንወስዳለን፤ በቀኑ ያልጨረሰ ድርሻው ለሌላ ይሰጥበታል። ኤርሚያስ ባለፈው አንድ ድርሻ በመብራት ምክንያት አምልጦታል። አሁን ደግሞ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ‹ይህንንስ አላስነካም› ብሎ ነው የዘከሪያን ሞተር የተዋሰው።»

ኮምፒውተሩን ከፈተችው። የተገኙት አካፋዮች ተራ በተራ ወረዱ። ሂክማ ድንገት ወደ ኮምፒውተሩ መስኮት ጠጋ አለች።

«ይህ ሁለት ጊዜ ተገኝቷል» አለች። «ይህም። ይህም።»

«ተሳስቶ ነው?»

«አይደለም። ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየመሀሉ ያስቀምጣል። ኃይል ሲቋረጥ መጨረሻ ካስቀመጠበት ይነሣል፤ ስለዚህ ያገኘውን ደግሞ ያገኘዋል። ኤርሚያስ ኃይል በመጣ ቁጥር ራሳቸው እንዲነሡ አድርጓቸዋል። ማታ ደህና ሲሠሩ ነበር። ሌሊት ላይ ኃይሉ እየጠፋ እየመጣ አስቸግሯቸዋል። ጎሕ ሲቀድ ተስተካከለ። ከዚያ እስኪጠፋ ድረስ አንድም ድግግሞሽ የለም።»

መቅደስ ዘከሪያ ወደታሰረበት ክፍል ሄደች። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል።

«ቀብሩ እንዴት ነበር?» አላት ገና ሳትጠይቀው።

«ሰው ብዙ ነበር።»

«እኔ ሳልኖር።»

«ትጸጸታለህ ያልከው ለምንድን ነው?»

«ለዒድ የሚጠገን የደንበኛ ስልክ ሱቄ ሞልቶ መብራት የለኝ። ተናድጄ ነው። ወላሂ፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከዚያ ሶፊ እናቴ ጋ ሄጄ አደርኩ፤ የእናት ምስክርነት ደግሞ አይቆጠርም አሉኝ።»

«ደህና ሲሠራ የነበረ ሞተር ሌሊት ላይ የሚያነክሰው፣ ሲነጋ ደግሞ የሚስተካከለው ምን ሲሆን ነው?»

ዘከሪያ ቀና አለ። «ጭሱ መውጫ ሲያጣ ይታፈናል። ሲከፈትለት ይስተካከላል።» ትንሽ ቆይቶ «ቧንቧውን ማን ነካው?» አለ።

ከሁሉም በኋላ የሀጂ ኢብራሂምን ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባን አነጋገረቻቸው።

«የግቢው በር?»

«ማታ ከውስጥ በመወርወሪያ የምዘጋው እኔ ነኝ። ሀጂ በረመዳን መጨረሻ ኢዕቲካፍ ስለሚገቡ መስጊድ ነው የሚያድሩት፤ በግቢው የነበርነው እኔና እነሙሉ ብቻ ነን። ሲነጋ ሙሉ ልትሳለም ስትወጣ ከፈተችው።»

«የሞተሩ ድምፅ እንዴት ነበር?»

«መጀመሪያ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ነበር ያስቀመጡት፤ ሀጂ በጩኸቱ ተቆጥተው ነው ወደ ዕቃ ቤት የገባው። እሱም አልበጀ። በዚያች ሌሊት ግን ቀለል አለ። አልሃምዱሊላህ ብዬ ሶላቴን በሰላም ሰገድኩ።» ወይዘሮ ዘይነባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሙሉ በዋዜማው ነግሬያት ነበር። ሀጂ ለዒድ ሲመለሱ ቤቱን ልቀቁ ማለታቸው አይቀርም ብያታለሁ። ክፉ አስቤ አይደለም፤ እንድታውቀው ብዬ ነው።»

መቅደስ ከዚያ ወጥታ ግቢው መሀል ቆመች። ወዴት እንደምትሄድ ጠፋት። በመጨረሻ ወይዘሮ ሙሉመቤት አጠገብ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ብቻችንን እንነጋገር። ሌላው ሰው ባይኖር ይሻላል።»

«ለምን? ልጄ በድብቅ አልተቀበረ። ሁሉም ባለበት ይነገረኝ። ዘከሪያም ይምጣ፤ ፊቱን ልየው።»

«ባይሆን ይሻል ነበር።»

«ለእኔ የሚሻለውን እኔ አውቃለሁ የኔ ልጅ።»

ጧት ሁሉም በሀጂ ኢብራሂም ቤት ተሰበሰቡ። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ነደባ በሚባለው ደረጃ ደረጃ መደብ ላይ እንደየማዕረጋቸው ተቀመጡ። ዘከሪያ ከአንድ ፖሊስ ጋር ከታች ተቀመጠ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ካፖርቱን ደርበው ትይዩ ተቀመጡ። ከሁሉም በኋላ ሂክማ ከኤርሚያስ ክፍል መጥታ ገባች፤ የኮምፒውተሮቹን ገመድ ከጄኔሬተሩ ነቅላ የግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክታ መምጣቷ ነው።

«ኤርሚያስ ይሠራበት በነበረው መንገድ ልሂድ» አለች መቅደስ። «የማይሆነውን እየጣልኩ። ጣቢያው ዘከሪያ ቧንቧውን አስቀድሞ አላልቶታል ብሎ ጠርጥሯል። ቧንቧው አልላላም። ደግሞም ኮምፒውተሮቹ ማታ ደህና ሠርተዋል። ሞተሩ የታፈነው ሌሊት ነው፤ ሲነጋ ተከፍቶለታል። ስለዚህ አንድ ሰው ቀዳዳውን ከውጭ ደፍኗል፤ ጭሱ ወደ ክፍሉ ተመልሷል፤ ሲነጋ የደፈነበትን አንሥቷል።»

«የቀዳዳው አፍ በግቢዬ ጀርባ ነው» አሉ ሀጂ ኢብራሂም።

«አዎ። የግቢው በር ደግሞ ከውስጥ ተዘግቶ ነበር። ዘከሪያ ሶፊ ይደር፣ ሌላ ቦታ ይደር፣ ውጭ ነበር። ሂክማም ውጭ ነበረች። እርስዎ መስጊድ ነበሩ። እነዚህ ወደቁ።»

ወይዘሮ ዘይነባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ቀረሁ?»

«እርስዎ ቢሆኑ ድምፁ መቅለሉን አይነግሩኝም ነበር፤ ሌላ ሰው አልሰማውም። የደፈነው ሰው ግን የፈለገው ይህንኑ ነው፤ ድምፁን ማብረድ። ሰው መግደል አላሰበም። ጭስ የማይታይ ሲሆን እንደሚገድል አላወቀም።»

«ማነው?» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት። ከመቀመጫቸው ወደፊት ዘንበል ብለዋል። «ስሙን ንገሪኝ።»

የመቅደስ ዓይን ካፖርቱ ላይ አረፈ።

«በምን ደፈነው?»

«በወፍራም ልብስ፣ እማማ። ቧንቧው ግሎ አቃጥሎታል።»

የወይዘሮ ሙሉመቤት እጅ ካፖርቱ ላይ ወረደ። ጣታቸው የተቃጠለውን ቦታ አገኘውና ዳር ዳሩን ዞረ።

«ድምፁን ነው እኮ» አሉ በመጨረሻ። «እንዳያስወጡን ብዬ። ልጁ ሥራውን እስኪጨርስ ብዬ። ሲነጋ አነሣሁት፤ አይቶ እንዳይቆጣኝ። በበሩ በኩል ሳልፍ ሞተሩ ደህና ይጮህ ነበር። ተኝቷል፣ ይተኛ አልኩ።»

ሀጂ ኢብራሂም ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ያ ረቢ፣ ማን ያስወጣችሁ ነበር? አፌ ነው እንጂ ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን…»

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

ዘከሪያ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ፖሊሱም አልከለከለው። ወይዘሮ ሙሉመቤት እግር ሥር ሄዶ ተቀመጠ።

«ሞተር ከቤት ውስጥ አይገባም ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አንተን ላሳስርህ ነበር» አሉት። «ቆሜ ልናገርብህ ነበር።» ከዚያ ወደ መቅደስ ዞሩ። «ይህን ልጅ ልቀቁት። አሁኑኑ።»

«ይለቀቃል።»

«እኔንስ ምን ታደርጊኛለሽ?»

«ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ዳኛው ያያል» አለች መቅደስ። «ሌላ የማደርገው ነገር ቢኖር አደርገው ነበር።»

«ዳኛውስ ምን ያደርገኛል?» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት፤ እንደ ጥያቄም አልሆነ።

በዚህ መሀል የሳሎኑ አምፖል በራ። ከግቢው ማዶ፣ ከኤርሚያስ ክፍል፣ አንድ ነገር ጢጥ አለ፤ ሌላው ተከተለው፤ ከዚያ የቀሩት የአራቱም ኮምፒውተሮች ማራገቢያ መዞር ጀመረ። ፖሊሱ ደንግጦ ወደ በሩ ዞረ።

«ማነው እዚያ?»

«ማንም የለም» አለች ሂክማ። «መብራት ሲመጣ ራሳቸው ይነሣሉ።»

ወይዘሮ ሙሉመቤት አዳመጡ። «ካቆሙበት ነው የሚጀምሩት?»

«ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰው ነው እማማ።»

«ምን ያህል ወደ ኋላ?»

ሂክማ ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ወይዘሮ ሙሉመቤት መልሱን እየጠበቁ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም።