ዝም የሚለው ደወል

አዛውንቱ መምህር የሞቱት በመጦሪያ ቤቱ አልጋቸው ላይ፣ በግራ ጎናቸው እንደተኙ ነው። መርማሪዋ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየች። የግራ ዳሌያቸው ቆስሎ መግሏል፤ ሐኪሙም የቁስሉ መርዝ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነው የገደላቸው ብሏል። የቀኝ ጎናቸው ቆዳ ግን እንደ ሕፃን ገላ ለስላሳ ነው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የማትገባበት ቀዳዳም የለም።

«የሚያገላብጣቸው ማነው?» ስትል አስታማሚውን ጠየቀችው።

የሰውየው ግንባር ላብ በላብ ሆኗል። «የመገላበጫ ሰዓታቸው ሲደርስ በሁላችንም ታብሌት ደወል ይጮሃል፤ የሚያገላብጣቸው በቅርብ ያለ ሰው ነው፣ እትዬ። አገላብጠን ታብሌቱን ስንነካው ዝም ይላል፤ ቀዩም ምልክት አረንጓዴ ይሆናል።»

«እና አገላበጥካቸው?»

«ሮጬ ሳልደርስ ዝም ይላል! ሲስተር ቀደመችኝ ብዬ ወደ ሌላው አልጋ እሄዳለሁ። ልታሰር ነው እንዴ? ልጆቼ ማን አላቸው?»

ነርሷም ጣልቃ ገባች። «እኔ ደግሞ እሱ መስሎኝ! መቁሰላቸውን አይቼ በታብሌቱ መልእክት ልኬ ነበር፤ ያነበበው ግን የለም። ድሮ ፈረቃ ስንቀያየር አልጋው ዳር ቆመን ‹በዚህ ጎን አታስተኛቸው› እንባባል ነበር። አሁን ማን ከማን ያወራል?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እዚህ መጦሪያ ውስጥ ግን ነቅዟል።

ያልፈራው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው። «ይኸው፣ ሁሉም ክፍል አረንጓዴ ነው። ሰው ይዋሻል እንጂ ማሽን አይዋሽም» አለ ስልኩን እያሳየ። ከኮሪደሩ ደወል ተሰማ። ወሬውን ሳያቋርጥ ስልኩን አየት አድርጎ መልሶ አስቀመጠው።

ሦስቱንም ሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ባዶውን አልጋ ላለማየት ሁሉም አቀርቅረዋል።

«ታብሌቶቹን ጠረጴዛው ላይ አኑሩልኝ። ቁስሉ በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ስለዚህ መምህሩን ማንም አላገላበጣቸውም። ደወሉ ግን ሁልጊዜ መልስ አግኝቷል። እናንተ ሁለታችሁ፣ ዝም ባለ ቁጥር ሌላው የደረሰ ይመስላችሁ ነበር። እንግዲህ ዝም የሚያሰኘው ሌላ ሰው...»

ታብሌቶቹ ጮኹ። መንቀሳቀስም መናገርም የማይችሉት፣ የጎረቤት ክፍሏ አሮጊት ተራ ነበር። ወደ ጠረጴዛው ማንም እጁን አልዘረጋም።

ደወሉ ዝም አለ።

ሁሉም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። ስልኩ መዳፉ ላይ፣ አውራ ጣቱም መስታወቱ ላይ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልማድ... ልማድ ሆኖብኝ ነው። ቀይ ከበዛ ተቆጣጣሪዎቹ ቤቱን ይዘጉብናል።»

«አሁንስ እማማን ማን አገላበጣቸው?» አለች መርማሪዋ።

አስታማሚው ነፃ መሆኑን እንኳ ለመስማት አልጠበቀም፤ በሩን በርግዶ ሮጠ። ነርሷም ተከተለችው። ብዙም ሳይቆይ ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ተሰማ።

«ሲስተር፣ ነይ እዪ! የግራ ዳሌያቸው ቀልቷል!»

«ቆስሏል?»

«ገና ነው። ያዥልኝ፣ በቀኝ እናስተኛቸው።»