ስድስተኛው አልጋ

በ1957 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ሳለ፣ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ከወረታው የአረጋውያን ቤት ጓሮ ሞተው ተገኙ። ዓይነ ስውር ነበሩ። ፊታቸው ከቦዩ ውሃ ተደፍቶ፣ እግራቸው ከዳር ቀርቷል።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ማረው ተጠርቶ ሲደርስ ለቀስተኛው ግቢውን ረጋግጦ ጨርሶታል። ሰው ሁሉ «ለሽንት ወጥተው ተንሸራተቱ» ይላል። ማረው ግን ከሬሳው እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ ቆየ። ከቤቱ እስከ ቦዩ ባለው ሃያ እርምጃ የመረሬው ጥቁር ጭቃ የእሱን ጫማ ሁለት ጊዜ አውልቆበታል። የመሪጌታ ባዶ ውስጥ እግር ላይ ያለው ግን ደረቅ አመድ ብቻ ነው። ከዚያ ግጥም ያለ አፋቸውን በዝግታ ከፍቶ ከጥርሳቸው መካከል አንዲት የጆንያ ክር መዘዘ። በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት።

ቤቱ የስድስት ሰው ነው። ከተማው ከገበያው ቀረጥ ቆርሶ ለስድስት አቅመ ደካሞች መኝታና ምግብ ይሰጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ለሚያክማቸው ድሬሰርም ይከፍላል። ሰባተኛው ከስድስቱ አንዱ እስኪሞት ይጠብቃል።

ማረው መጀመሪያ የጠየቀው ከመኝታ ክፍሉ ጋር በተያያዘው ወጥ ቤት የምታድረውን እናኑን ነው። ምግብ የምትሠራው እሷ ናት።

«ምንም አልሰማሁም ጌታዬ። እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር።»

«የወጥ ቤቱ የጓሮ በርስ?»

«ከውስጥ ቀርቅሬው ነው የተኛሁ። ይልቅ ሸክላ ሠሪዋን ማንጠግቦሽን ይጠይቋት። ተራው የእናቷ የታይቱ ነው። የእነሱን ዓይን ደግሞ ያውቁታል።»

ማንጠግቦሽ ከደጅ ቆማለች። ከአጠገቧ የቆመ ሰው አልነበረም።

«ዓመት ከመንፈቅ ጠብቀናል» አለችው። «አልጋው እንዲለቀቅ ተመኝቼ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። እጄን ግን አላነሳሁባቸውም።»

ከነዋሪዎቹ ሁሉ የሚበረቱት ወይዘሮ ጽጌሬዳ ነበሩ። ማረው ከአጠገባቸው ተቀመጠ።

«የዋናውን በር መወርወሪያ ማን ይወረውረዋል፣ እናቴ?»

«እኔ ነኝ። ጅብ እንፈራለን።»

«ዛሬ ጧት የከፈተውስ?»

«እኔው ነኝ። ማታ እንደ ወረወርሁት ነበር። ዓይኔ ቢደክም ጣቴ አልደከመም።»

ማረው የቤቱን ኃላፊ አቶ ካሴን ወደ ጥግ ወሰደው። ካሴ የሚያድረው ከራሱ ቤት ነው።

«ተራው በእርግጥ የታይቱ ነው?»

ካሴ መሬት መሬት አየ። «ነበር። ትናንት የቤቱ ኮሚቴ ሰረዛቸው። ከነዋሪዎቹ ‹ከሸክላ ሠሪ ጋር አናድርም› ያሉ አሉ። ገና ለሰው አልተነገረም።»

«ለማንም?»

«ለእናኑ ብቻ። ቀጣዩ አባቷ መንግሥቴ ናቸውና ደስ ይበላት ብዬ ነገርኋት።»

ማረው ሁሉንም ከአልጋዎቹ መካከል ሰበሰበ። ማንጠግቦሽንም አስገባት።

«መሪጌታ በእግራቸው አልወጡም፤ ውስጥ እግራቸው ላይ ያለው የምድጃ አመድ ነው እንጂ ጭቃ አልነካውም። ሰው ተሸክሟቸዋል። ውሃም አልገደላቸውም፤ በጆንያ ታፍነው ሲታገሉ ክሩ ከጥርሳቸው ቀርቷል። ጆንያ ያለው ከወጥ ቤት ነው። ዋናው በር እስኪነጋ እንደ ተወረወረ ነበር። እንግዲህ ሬሳው የወጣው በወጥ ቤቱ በር ነው፤ እሱን ከውስጥ የምትቀረቅር አንዲት ሴት ናት። ይህችው ሴት የታይቱን መሰረዝ እያወቀች ‹ተራው የታይቱ ነው› አለችኝ። ለምን ዋሸሽኝ፣ እናኑ?»

እናኑ አልሸሸችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ቤታችን ውሃ ገብቶበታል» አለች። «እዚህ ስድስት ሰው አብልቼ ቀን ለአፍታ ብቅ ስል አባቴ ከእርጥብ መሬት ተኝቶ ይጠብቀኛል። መሪጌታ ማታ ማታ ‹እግዜር ረሳኝ፣ ምነው በወሰደኝ› ይሉ ነበር። እውነታቸውን መሰለኝ።»

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ከአልጋቸው ጫፍ ሆነው ተናገሩ።

«ሁላችንም እንላለን፣ ልጄ። ሲነጋ ግን ቁርሳችንን እንጠብቃለን።»

ማረው እናኑን ይዞ በጭቃው መንገድ ወደ ጣቢያ ሲወርድ ክንዷን አልጨበጠም፤ ስትንሸራተት ብቻ ደገፋት። በማግሥቱ ስለ ታይቱ ለኮሚቴው ጻፈ። መልስ አላገኘም።

ዝርዝሩ እንዳለ ጸና። በአራተኛው ቀን አቶ መንግሥቴን በቃሬዛ አምጥተው ከስድስተኛው አልጋ አስተኟቸው። ሽማግሌው ደረቁን ፍራሽ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ መለሱ።

«እናኑ የት ሄደች?»

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ብርድ ልብሱን እስከ ደረታቸው ሳቡላቸው።

«ውሃ ልትቀዳ ወረደች» አሏቸው።