ባትሪው ጋቢና የገባ ጊዜ

ስሙኝማ፣ እኔ የጂኒና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ «ሥራ ፈት ሁላ!» ብዬ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ አዳማ ውስጥ የመኪና ዕቃ መሸጫ ከከፈትኩ ጀምሮ ቀኔን የማሳልፈው ከባትሪ፣ ከሽቦና ከፊውዝ ጋር ነው፣ ሽቦ ደግሞ ከተገናኘ ይሠራል፣ ካልተገናኘ አይሠራም፣ በቃ፣ የእኔ ነገር ይቺው ነበረች። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እሱ ሌላ ነው። ግን የሞተ ሰው መጣ፣ በር ብቻውን ተከፈተ፣ ምናምን የሚሉኝን እንኳን ላምናቸው እስከ መጨረሻውም አልሰማቸውም ነበር። አሁን ይኸው እኔው አውሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ፣ ሳቁብኝ፣ አልቀየማችሁም።

ነገሩ የመጣው በባሌ በገመቹ እብደት ነው። አባቱ አባባ ቱሉ ዕድሜ ልካቸውን ከሁሩታ አዳማ የተመላለሱባትን አሮጌ ፊያት ሰጡት፣ እሱ ደግሞ እንዳለች መንዳት አነሰውና ሞዲፋይ ላድርጋት ብሎ ተነሳ። ኮፈኗን ቆረጠ፣ የኋላ ጎማዎቿን ሰፋፊ አደረገ፣ ሞተሯን አውጥቶ ትልቅ የቶዮታ ሞተር ከተተባት፣ ከጓደኞቹ መኪኖች ጋር እየተሽቀዳደመ ላንጋኖ ድረስ ሊከንፍባት። «አንተ ሰውዬ፣ የልጆች አባት ነህ እኮ» ብለው ማን ሰምቶኝ! ታዲያ ሞተሩ ገብቶ ሲያበቃ ባትሪው የነበረበት ቦታ ጠፋ፣ ጣት አያስገባም።

ክርክሩ የተጀመረው ያኔ ነው። ኤሌክትሪክ የሚሠራልን አህመድ የወሎ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ፣ እጁ ግን ወርቅ፣ እሱ ባትሪው ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ይግባ አለ። ገመቹ ደግሞ «ነዳጁ ያለው እዚያ ነው፣ ልታቃጥለኝ ነው? ገመዱም ይረዝማል፣ ኃይል ይቀንሳል» አለ። ከኋላ ወንበር ሥር ሞከሩት፣ ከፍታው አልበቃ አለ። በመጨረሻ ገመቹ የጋቢናውን ወንበር ፈትቶ አወጣና «ይኸው! ለሞተሩ ቅርብ፣ ሚዛኑም ልክ፣ እኔ እንደሆንኩ የምነዳው ብቻዬን ነው» አለ።

አህመድ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። «አቦ ተው! ይሄ የእናትህ ቦታ አይደል እንዴ?»

ጋቢና ለማን እንደሚሰጥ መቼም ታውቃላችሁ፣ ትልቅ ሰው ከመጣ ወጣቱ ወርዶ ኋላ ይገባል። የባሌ እናት የእማማ ዘነቡ ነገር ግን ከዚያም ያለፈ ነበር፣ እስኪሞቱ ድረስ እዚያ ወንበር ላይ ከእሳቸው ሌላ ማንም አልተቀመጠም፣ የፈለገ ባለሥልጣን ቢሳፈር ኋላ ነው፣ አባባ ቱሉ «ወንበሩ ባለቤት አለው» ይላሉ፣ አለቀ።

«እናቴ ነፍሷን ይማር፣ ከእንግዲህ ወንበር አያስፈልጋትም» አለ ገመቹ። እኔም «እውነቱን ነው» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

በዚያው ሰሞን አባባ ቱሉ የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ መጥተው እኛ ቤት ነበሩ። አንዱ ዓይናቸው ታሽጓል፣ ሌላው ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ወሬያቸው ሁሉ ስለ መኪናዋ ነበር፣ «ስትጨርሱ እስከ ወለንጪቲ አንድ ጊዜ ውሰዱኝ» ይሉናል፣ እኛም «እሺ አባባ» እንላለን፣ ወንበሩ መውጣቱን ግን ደፍሮ የነገራቸው የለም።

ቅዳሜ ነው፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል። ገመቹ የባትሪውን የብረት ሳጥን ጋቢናው ወለል ላይ አስበይዶ ብሎን ሊፈልግ ወጣ። ባትሪው ሱቅ ውስጥ ነው ያለው፣ ይሄን ልብ በሉልኝ፣ መኪናዋ ውስጥ ባትሪ የለም፣ ገመዶቹ ጫፋቸው በፕላስተር ተጠቅልሎ ተንጠልጥለዋል፣ የሰፈሩ መብራትም ሄዷል። እኔና አባባ በረንዳ ላይ ነን፣ ምስር እለቅማለሁ።

መጀመሪያ የጋቢናው በር ሲጥጥ ብሎ ሲከፈት ሰማሁ። ነፋስ ነው አልኩ፣ የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮ ያስነሳል። ግን የግቢያችን ፓፓያ አንድ ቅጠሏ እንኳን አልተነቃነቀም። ቀጥሎ የመኪናዋ ሞላ አቃሰተ፣ ሰው ሲወርድ እንደሚያቃስተው፣ ከዚያ ጠጠሩ ላይ ቀሰስ ያለ እርምጃ፣ ከዚያ ጸጥ።

የአባባ ፊት በራ። «ዘነቡ ናት» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ ድመት ናት።»

«ድመት በር ትከፍታለች?»

ዞር ስል የመኪናዋ የውስጥ መብራት በርቷል። እመኑኝ፣ ያቺ በር ሲከፈት የምትበራው ትንሿ የጣሪያ አምፖል ቢጫ ሆና በርታለች። ብድግ ስል ምስሩ ተደፋ፣ ሄጄ የገመዶቹን ጫፍ ያዝኩ፣ ፕላስተሩ እንዳለ ነው፣ ከምንም ጋር አልተገናኙም። ለሰው ሁሉ ባትሪ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ያለ ባትሪ የሚበራ መብራት ቆሜ አያለሁ፣ በስመ አብ ማለት እንኳን ጠፋኝ።

አባባ ግድግዳውን እየዳሰሱ ከኋላዬ ደርሰዋል። በተከፈተው በር እጃቸውን አስገብተው ወንበሩን ፈለጉ፣ ያገኙት ሳጥኑን ነው፣ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

«ወንበሯስ?»

«ለባትሪው ነው አባባ፣ ሌላ ቦታ ጠፍቶ…»

«ለባትሪ» አሉ ቀስ ብለው። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሰው እንደሚደግፍ ክንዳቸውን አጠፍ አደረጉና «ኮቱ ዘነቡ፣ መና ሴኒ» አሉ፣ ነይ ዘነቡ፣ ቤት ግቢ ማለታቸው ነው። እንደዚያ እየመሩ፣ ማንን እንደሚመሩ እንጃ፣ በረንዳው ላይ ወጡና «ልጄ፣ ወንበር ስጫት፣ ቆማለች» አሉኝ።

የተቀመጥኩበት ዱካ እዚያው ነበር እኮ! ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። እኔ ግን ፈራሁ፣ ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ፣ አመሌ ነው፣ «አባባ፣ ማንም የለም! እማማ ሞተዋል፣ እኛው ነን የቀበርናቸው!» ብዬ ጮህኩባቸው።

መብራቷ ድርግም አለች። እሳቸው ክንዳቸውን አወረዱና «እሺ ልጄ» ብቻ አሉ።

ገመቹ ሲመጣ ነገርኩት፣ ሳቀብኝ። በማግስቱ አባቱ «ሁሩታ ልሂድ» ሲሉ ግን ሳቁን ተወ። ብንለምን፣ ጎረቤት ብናስለምን እምቢ አሉ፣ መናኸሪያ ስንሸኛቸው የሚኒባሱ ሾፌር ጋቢናውን ቢከፍትላቸው «ኋላ ይሻለኛል» ብለው አለፉት። አህመድ ደግሞ ስነግረው «ቢስሚላህ!» ብሎ ከመኪናዋ ዘሎ ወረደ፣ ኋላ ልቡ ሲመለስ ሽቦዋን ሁሉ አንድ በአንድ ፈተሸ፣ ያቺን አምፖል ሊያበራ የሚችል ነገር አላገኘም።

አሁን ባትሪው ከኋላ ነው፣ ከነዳጁ በላሜራ ተከልሎ፣ ገመዱ ረዘመ እንጂ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ መጀመሪያውኑም ይቻል ነበር፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ወንበሩ ቦታው ተመልሷል። ገመቹ ላንጋኖ አልሄደባትም። እኔ፣ አትሳቁብኝና፣ ጀምበር ስትጠልቅ በረንዳ ላይ ትርፍ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ፣ ኮሽ የሚል ነገር የለም።

በቀደም ሁሩታ ደወልኩ። «አባባ ይምጡ፣ መኪናዋ ተሠርታለች፣ ወለንጪቲ እንሂድ» አልኳቸው። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ዘነቡ ከሞተች ጀምሮ እዚህ ከእኔ ጋር ነበረች። ስትንጎዳጎድ እሰማታለሁ፣ አረጀና ቃዠ እንዳትሉኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እናንተ ጋ ስመጣ አብራኝ መጣች። ስመለስ ግን ብቻዬን ነው የተመለስኩት፣ ቤቱ ጭር ብሏል። እናንተ ጋ ናት?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ግቢውን አየሁት። አለች እንዳልላቸው የለችም፣ የለችም ብላቸው ደግሞ የት ሄደች ሊሉኝ ነው። «አባባ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።