የአልዩ አምባው ማንጎ

«ወደ ግራ! ወለተ ጊዮርጊስ፣ ወደ ግራ ነው ያልኩሽ!»

እናናየሁ ጮኻ ሳትጨርስ የጓደኛዋ እግር ከመንገዱ ወጣ። ነጠላዋን ጨምድዳ በሙሉ ኃይሏ ወደ ኋላ ሳበቻት፤ ሁለቱም መሬት ላይ ዱብ አሉ። ወለተ ጊዮርጊስ አዝላው የነበረው እንስራ ግን ገመዱ ተፈትቶ ወደ ገደሉ ተንከባለለ። ከታች ሲከሰከስ እስኪሰማ ድረስ አንዳቸውም አልተነፈሱም።

ፀሐይ ገና መጥለቋ ነበር። ለእናናየሁ መንገዱም፣ ድንጋዩም፣ የገደሉ አፋፍም ቁልጭ ብሎ ይታያታል።

«አንቺ! አታዪም እንዴ?»

«ሲመሽ ብቻ ነው» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። «ቀን ቀን ደህና ነኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ጨርቅ የጣሉብኝ ያህል ይጨልምብኛል። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ።»

«ዳፍንት ነዋ!»

«ቀስ በይ! ሰው ይሰማሻል!»

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ይባሉ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ አንኮበር ውስጥ ዳፍንትን የማያውቅ ሰው አልነበረም። መድኃኒቱንም ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ጉበት ነው። ጉበቱ ይጠበስና የታመመው ሰው ዓይኑን በእንፋሎቱ ታጥኖ ይበላዋል፤ በቃ። ግን በሁዳዴ ጉበት? ወይ ጉድ! የነፍስ አባት ለታመመ ሰው ይፈቅዱ ይሆናል፤ እንዲፈቅዱ ግን መንገር ግድ ነው። ወለተ ጊዮርጊስ ደግሞ መንገሩን ነበር የፈራችው። ከፋሲካ በኋላ ሰላ ድንጋይ ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል።

«‹ልጅቷ ዓይኗ አያይም› የሚል ወሬ ሰላ ድንጋይ ከደረሰ አለቀልኝ። እናቴ በሐፍረት ትሞታለች። እንስራውን ጅብ አስደንግጦኝ ጣልኩት እላለሁ። አንቺም ለማንም እንዳትናገሪ፤ በኪዳነ ምሕረት ብለሽ ማይልኝ።»

እናናየሁ ማለች። ምን ታድርግ? አብራት ነው ያደገችው። ቤት ገብታ ስትተኛ ግን መሐላዋ ከበዳት። የወለተ ጊዮርጊስ እናት ልጃቸውን ቀኑን ሙሉ ለሠርጉ ጋቢ ጥጥ ያስፈትሏታል፤ ለውሃ የሚልኳት ሲመሽ ብቻ ነው። ነገም ያው መንገድ፣ ያው ገደል ይጠብቃታል።

ዓርብ እናናየሁና እናቷ ጥጥና በርበሬ ሊገዙ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወረዱ። እናቷ ከበርበሬ ሻጩ ጋር ክርክር ሲገጥሙ፣ እሷ ከዲጃ ወደምትባለው አርጎባ ጥጥ ነጋዴ ጠጋ አለች። ከዲጃ የቤታቸው ደንበኛ ናት።

«እትዬ ከዲጃ፣ እናንተ አገር ዳፍንት የያዘው ሰው ምን ያደርጋል?»

«ዳፍንት? እኔም ልጅ ሳለሁ ይዞኝ ነበር» አለች ከዲጃ። «ጓሯችን ያለው የማንጎ ዛፍ ሲያፈራ ነው የለቀቀኝ፣ ወላሂ! ዘሩን አባቴ ነው ከባሕር ጠረፍ ያመጣው፤ አላህ ይዘንለትና።» ከጥጡ ቅርጫት ሥር ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ሽታው የሚያውድ ፍሬ አወጣች። «ሽማግሌዎቻችን ሆድ ያለሰልሳል፣ ለደከመ ሰውነት ጉልበት ይሰጣል ይላሉ። እሱን እነሱ ያውቃሉ። የዓይኑን ነገር ግን እኔ በራሴ አይቼዋለሁ። ውስጡም እንዲህ ቢጫ ሲሆን ነው ደጉ። በየቀኑ አንድ አንድ።»

ከዲጃ ይህን ብላ ጥቂት ማንጎ በጨርቅ ቋጠረችላት። አንዲት ነገር ግን ሳትናገር ቀረች፤ ፍሬ እንደሚበላ ለሰው ይነገራል ብላ መች አሰበች?

ሁለቱ ጓደኛሞች ደግሞ ለዓይን መድኃኒት መጣ ሲባል የሚያውቁት ዓይን ላይ ማድረግን ነው። በማግስቱ ከጓሮ ተደብቀው ማንጎውን ጨመቁትና ወለተ ጊዮርጊስ ሁለቱንም ዓይኗን ተቀባችው።

«ኧረ አቃጠለኝ! እናናየሁ፣ ዓይኔ ወጣ!»

«ቻይው! የሚያቃጥል መድኃኒት ነው የሚያድነው!»

የቸገረው አዋቂ ይሏል ይሄ ነው። ወለተ ጊዮርጊስ ዓይኗ አብጦ፣ ቀልቶ ቤት ስትገባ እናቷ ከቤት መውጣቱ ከብዷት ስታለቅስ የዋለች መሰላቸው። እቅፍ አድርገው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ሁላችንም አልቅሰን ነው የተዳርነው» አሏት። እሷም ምን ትበል፤ እውነተኛ እንባዋን ለቀቀችው።

በሚቀጥለው ዓርብ እናናየሁ የሆነውን ስትነግራት ከዲጃ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዓይን ጥርስ አለው እንዴ? ይበላል እንጂ የኔ እናት! ይበላል!» ብላ ሌላ ማንጎ ሰጠቻት።

ወለተ ጊዮርጊስ ግን አሻፈረኝ አለች።

«መቀባት ሌላ፣ መብላት ሌላ። በሁዳዴ ከእስላም እጅ የመጣ በልቼ ማተቤን ልበጥስ?»

«ትናንት ጉልበትሽ የተላጠው የት ነው? ነገ ጉልበት ብቻ አይሆንም እኮ! ከገደሉ ሥር ለቅመን ልንቀብርሽ ነው?»

ወለተ ጊዮርጊስ የተላጠ ጉልበቷን ዳበሰች። ቆይታ፣ «አባትሽ ከፈቀዱ እበላለሁ» አለች። «ስሜን ግን እንዳታነሺ። ምለሻል።»

የእናናየሁ አባት ቄስ ገብረጻድቅ የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት ናቸው። እናናየሁ የማንጎውን ቋጠሮ ይዛ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠበቀቻቸው። ሲወጡ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«አባባ፣ እስላም የሰጠን ፍሬ ጾም ያስገድፋል?»

ቄስ ገብረጻድቅ ፈገግ አሉ። «የምንበላው በርበሬ ከማን እጅ የመጣ ነው? ሥጋ ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ፍሬ ግን የምድር በረከት ነው። ዛፍ ማተብ አያስርም ልጄ።» ከዚያ ቋጠሮውን አዩና ፈገግታቸው ጠፋ። «ለምን ጠየቅሽኝ? ማን ታመመ?»

እናናየሁ ይህን አላሰበችበትም ነበር። የጓደኛዋን ስም ብትጠራ መሐላ ማፍረስ ነው። ማንም አልታመመም ብትል ደግሞ ነገሩ እዚሁ ያበቃል፤ ፍሬው በአንድ ቀን አያድንም፤ ወለተ ጊዮርጊስም አሁኑኑ እንስራዋን አዝላ ልትወጣ ነው። ዳፍንት የያዘው ሰው አለ ከተባለ ግን አባቷ የምሽቱን ውሃ መቅዳት ያስቀሩ ይሆናል። አባቷ እየጠበቁ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ዳፍንት ይዞኛል።»

«ልጄን! ምነው እስከዛሬ ዝም አልሽ?» ቄስ ገብረጻድቅ ደንግጠው እጇን ያዙ። «በይ ይህን ብዪ፣ ጌታ ይማርሽ። እንግዲህ የትንሣኤ ሌሊት ቤት ትቀሪያለሽ። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አልወስድሽም።»

የትንሣኤ ሌሊት! ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቃት፣ ጧፍ በእጇ ይዛ ከሴቶቹ ጋር እልል የምትልባት ሌሊት።  «ውሸቴን ነው አባባ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«እሺ» አለች።

እጇን ይዘው ቁልቁል ይመሯት ጀመር። «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ። እግርሽን አንሺ። አሁን ዝቅ ይላል።» ድንጋዩ ሁሉ ይታያታል። «ድንጋይ አለ» ባሉ ቁጥር ሐፍረት ፊቷን አቃጠለው።

ከወለተ ጊዮርጊስ ቤት ሲደርሱ ልጅቷ አዲስ እንስራ አዝላ አጥሩን እየዳሰሰች ልትወጣ ነበር።

«ነይ እስቲ ወለተ ጊዮርጊስ» አሉ ቄስ ገብረጻድቅ። «ጓደኛሽን ዳፍንት ይዟታል። ከነገ ጀምሮ በፀሐይ አብራችሁ ውሃ ቅዱ፤ ለእናትሽ እኔው እነግራቸዋለሁ። ይህንንም ፍሬ አብረሻት ብዪ፤ ብቻዋን እንዳትሸማቀቅ።»

ማንጎውን ዘረጉላት። ወለተ ጊዮርጊስም እጇን ዘረጋች፤ ግን ማንጎው ወዳለበት አልነበረም። ጣቶቿ ከማንጎው በስተቀኝ ባዶውን አየር ዳበሱ።

ቄስ ገብረጻድቅ እጇን አዩ። ከዚያ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። 

እሳቸውም የወለተ ጊዮርጊስን እጅ ቀስ ብለው ያዙና ፍሬውን መዳፏ ላይ አስቀምጠው ጣቶቿን አጠፉላት። «ግቢ ልጄ» አሉ። «ለዛሬ ያለው ውሃ ይበቃል።»

ከዚያ ወዲያ ባለው መንገድ «ድንጋይ አለ» አላሉም። የእናናየሁን እጅ ግን አልለቀቁም። ጥቂት እንደሄዱ በሰለች የምትባለው ጎረቤት ከአጥሯ ላይ ብቅ አለች።

«ምነው አባ? ልጅቷን ምን ነካብዎት?»

ቄስ ገብረጻድቅ ወደ ወለተ ጊዮርጊስ ቤት ዞር ብለው አዩ።

«ዳፍንት ነው» አሉ። «ይማርልን በሉ።»

እናናየሁ ዓይኗን ጨፍና የአባቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።