ስክሪኑ ላይ የሚዘንበው ዝናብ

«ይኸው፣ ዘነበ» አለ ጀልባ ነጂው ሙዳሲር ሞተሩን ከፍ እያደረገ።

ከመሪው አጠገብ የተሰቀለችው ትንሽ ስክሪን በነጫጭ ነጠብጣብ ተሸፈነች። የውሃው ጥልቀት፣ ዓሣው፣ ግድቡ ሲሞላ የተዋጡት ዛፎች፣ ሁሉም ጠፋ። ቃናኒ ደብተሯ ላይ «አንደኛ» ብላ ጻፈችና ከንፈሯን ገፋ አደረገች።

«ከጀዕፈር ሥራ ምን ትጠብቃለህ?»

መሣሪያው ከውሃው በታች ያለውን ነገር በድምፅ እያዳመጠ የሚያሳይ ነው። የማኅበሩ ዓሣ አስጋሪዎች ራዳር ይሉታል። ቃናኒ ራዳር እንዳልሆነ አስረድታ አስረድታ ሰልችቷታል፤ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። እነሱ ደግሞ ከዓሣው ይልቅ የሚፈልጉት ለዛፎቹ ነበር፤ የሰመጠ ዛፍ የያዘው መረብ ሳይቀደድ አይወጣም። ሦስት ወር ደህና ሲሠራ የቆየው ስክሪን ባለፉት ሁለት ሳምንታት መዝነብ ጀመረ፤ ሁለት መረብም ተቀደደ።

ጥፋተኛው ያለ ክርክር ታወቀ። መሣሪያውን የገጠመው ጀዕፈር ነዋ! ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ መንጌ ላይ የወርቅ አጣቢዎችን ፓምፕ፣ ኩርሙክ ላይ ሞተር ሳይክል እየፈታ ሜካኒክ ነኝ ያለ ሰው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ትል ነበር ቃናኒ ስሙ በተነሳ ቁጥር፤ ሰዎቹም ይስቁላታል።

ከምትማርበት ከአሶሳ ለእረፍት የመጣች ዕለት ጀልባዋን ስታይ ደሟ ነበር የፈላው። ሌሎቹ ሽቦዎች በሙሉ በቀኝ በኩል ሲሄዱ፣ ውሃ ውስጥ ካለው ሴንሰር የሚመጣው ገመድ ለብቻው በግራ ጠርዝ፣ በቁርጥራጭ ሲባጎ እንደ ልብስ ማስጫ ተንጠልጥሏል። ፈታችው፤ ወደ ቀኝ አመጣችው፤ ከሞተሩ ወፍራም ሽቦ ጋር አጣብቃ በአሥራ ሁለት የፕላስቲክ ማሰሪያ ቀጥ አድርጋ አሰረችው። ፎቶ አንስታ አሶሳ ላለችው ጓደኛዋ ለሐኒ ላከችላት። «ኢንጂነሯ!» ብላ መለሰች ሐኒ። ጀዕፈር ያን ሰሞን ለቅሶ መንጌ ሄዶ ስለነበር አላየም።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ አባላቱ ማንጎው ሥር ይሰበሰባሉ። የማኅበሩ ስድስት ጀልባዎች ጥገና ከጀዕፈር እጅ ወጥቶ ከአሶሳ ለሚመጣ ባለሙያ ይሰጣል። ሊቀመንበሩ አባቷ ቶሌራ «የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ጥፋቱን ነጥብ በነጥብ ጽፈሽ አንብቢልን» ብሏታል። ይህን ሥራ ወዳዋለች።

ጠዋት ሲነሱ ጀዕፈር ዳር ቆሞ ነበር። ትናንት ማታ ነው የተመለሰው።

«ሞተር አጥፍተህ አይተሃል?» አላት፤ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። «ያኔም ዝናብ አለ?»

«እናያለን» አለች ፊቷን ሳታዞር።

አሁን መሀል ሐይቅ ላይ፣ ሰውየው መሳሳቱን ለመጻፍ ብቻ ብላ «እስኪ አጥፋው» አለችው ሙዳሲርን።

ሞተሩ ጠፋ። ዝናቡም ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ዛፎቹ ከነቅርንጫፋቸው ቆመው ታዩ፤ በመሀላቸው ቆሮሶ ዓሣ ያልፋል። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው ያ ሰው መሆኑ አናደዳት።

ሞተሩ ሲነሳ ዝናቡ መጣ። መብራቱን ነቀለች፣ የስልክ ቻርጀሩን ነቀለች፣ ውሃ ማውጫውን ፓምፕ ነቀለች፤ ያው ነው። መሣሪያውን ከጀልባዋ ባትሪ ለይታ ሙዳሲር ከሞተር ሳይክሉ ነቅሎ ካመጣው ባትሪ ጋር አገናኘችው። አሁንም ያው ነው። የቀረው የሴንሰሩ ገመድ ብቻ ነበር።

እጇ ማሰሪያው ላይ ቆመ። የኤሌክትሪክ ጅረት የሚመላለስበት ሽቦ ጎኑ ያለውን ሽቦ እንደሚረብሽ ፈተና ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች። በፒንሳ አንድ በአንድ ቆረጠቻቸው፤ ገመዱን ስባ ወደ ግራ ጠርዝ ወሰደችው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየጮኸ ስክሪኑ ጠራ።

ሙዳሲር ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ የቀሩትን የሲባጎ ቁርጥራጮች አየ።

«ድሮ እዚያ አልነበረም እንዴ?»

«ዝም በል።»

ሙዳሲር ሳቀ። «እዚያው እሰሪውና ጠገንኩት በይ። ማን ያውቃል? እሱ ቢናገር ማን ይሰማዋል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አይሰማውም። እንዳይሰማ ካደረጉት ደግሞ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ቃናኒ ገመዱን በሲባጎዎቹ መልሳ አሰረችው።

ዳር ሲደርሱ ጀዕፈር የዕቃ ቦርሳውን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጧል። ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተ።

«አሁን ደህና ሆነ» አለ።

«ትናንት አይተውት ነበር?»

«ማታ በባትሪ አየሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? አባትህ ‹ልጄ አሳምራዋለች› አለኝ። እኔ ምን ልበል?» ቦርሳውን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። «የተማረ ሰው ራሱ ያገኛል አልኩ።»

ፊቱ ላይ ንዴት ፈለገች፤ አጣች። ያገኘችው ንቀት ነበር። ለሌላው ስታሳይ ስለኖረች ወዲያው አወቀችው፤ እስከ ጆሮዋ ድረስ አፈረች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው ማንጎው ሥር ተቀመጠ። አባቷ ኮራ ብሎ «ልጄ ታነብልናለች» አለ። ቃናኒ ተነሳች።

«አንደኛ፣ ዝናቡ የሚመጣው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው።»

«የጀዕፈር ሥራ!» አለ አንዱ። ሳቁ።

ደብተሯ ላይ የሚከተለው፣ ጠዋት ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት የጻፈችው፣ «ሁለተኛ፣ ገመዱ የተዘረጋው ባልተማረ እጅ ነው» ይላል። ዓይኗን ከደብተሩ አነሳች።

«ሁለተኛ፣ ጋሽ ጀዕፈር ገመዱን ለብቻው የዘረጉት አውቀው ነው። ፈትቼ ከሞተሩ ሽቦ ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ። መረቦቹ የተቀደዱት በእኔ ነው።»

 ከኋላ አንድ ሰው «ይቺ ናት ኢንጂነሯ?» አለ፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ፤ አሁን ግን ወደ እሷ ነበር። የአባቷ ፊት ጠቆረ።

«ቁጭ በይ» አላት ጥርሱን ነክሶ።

አልተቀመጠችም። ጀዕፈር ከሁሉም ዳር ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ሦስተኛው ይቀራል፣ አባ፤ የጥገናው ነገር» አለች።

ደብተሯ ላይ ሦስተኛ የሚባል ነገር አልነበረም።