ማርያም የሳመቻት አልማዝ

ሐረገወይን የሟች እናቷን ጉትቻ በመሐረብ ቋጥራ ጎንደር ፒያሳ ወርቅ ቤት የገባች ዕለት፣ ልቧን እዚያው ጥላ ትወጣለች ብሎ ማን ገመተ? ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ወርቅ ሠሪው አላምረው ሙያውን አስመራ ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ፣ ቀጠን ያለ፣ ዓይነ ግቡ ወጣት ነው።

ጉትቻውን በማጉያ መነጽሩ አገላብጦ አየው።

«ቀዩ ፈርጥ ሸጋ ብርጭቆ ነው» አላት።

«ምነው! የእናቴን ጉትቻ ብርጭቆ አልኸው?»

«ብርጭቆነቱ ውበቱን አይነሳውም። ስሙን በልኩ ልጥራው ብዬ ነው።»

«በምን አወቅኸው?»

አላምረው ከመሳቢያው አንዲት ትንሽ አልማዝ አውጥቶ ከጉትቻው ጎን አኖረላት። «በየተራ ከንፈርሽን አስነኪያቸውና ራስሽ ፍረጂ።»

አስነካች። ቀዩ ወዲያው ሞቀ። ነጯ ግን እንደ ስሜን ውርጭ ቆነጠጠቻት። ቀና ስትል ወርቅ ሠሪው ከንፈሯን ሲያይ ደረሰችበት፤ እሱም ቶሎ ብሎ ወደ መዶሻው አቀረቀረ።

ጉትቻው ተጠገነ። ሐረገወይን ግን ዛሬ መንጠቆው ላላ፣ ነገ ጠበቀ እያለች መመላለሷን አልተወችም። እሱም የድንጋዩን ቋንቋ ያስተምራት ጀመር።

«ካራት የሚሉት የድንጋዩ ክብደት ነው። የወርቅ ካራት ግን ሌላ ነው፤ እሱ የወርቁን ንጽሕና ነው የሚነግርሽ።»

«ከባዱ ነዋ የሚበልጠው?»

«አቆራረጡ ካልሆነለት ከባዱም ጨለማ ነው። እነዚህ ጠፍጣፎቹ ፊት ይባላሉ። በልካቸው ከተቆረጡ ብርሃኑን ተቀባብለው ወደ ዓይንሽ ይመልሱታል።»

«ሁለት ፊት ያለው ሰው ይታማል፤ ያንተ ድንጋይ ይህን ሁሉ ፊት ይዞ ይመሰገናል!»

አላምረው ከት ብሎ ሳቀና መነጽሩን አቀበላት። በአልማዟ ሆድ ውስጥ አንዲት ጥቁር ነቁጥ ታየቻት።

«ቆሽሻለች እንዴ?»

«አልቆሸሸችም፤ ከምድር ሆድ ይዛው የወጣችው ነው። ጥራት የሚሉት እሱን ነው፤ ነቁጡ ባነሰ ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል። አስመራ ያስተማረኝ ሰውዬ ግን የልደት ምልክት ይለው ነበር።»

«እኛ እንኳ ማርያም የሳመችው ነው የምንለው» አለችና ሳታስበው እጇ አንገቷ ሥር ወዳለችው ጥቁር ምልክት ሄደ። የእሱም ዓይን ተከትሎ ሄደ።

«እንግዲያ ይቺ ድንጋይ ያንቺ ናት» አላት ቀስ ብሎ።

«ሽማግሌ ካልላከ ሰው እጅ አልማዝ አልቀበልም።»

«እልካለኋ!»

ላከም። የሐረገወይን አባት መሪጌታ ወልደኢየሱስ ብራና ፍቀው ዳዊት የሚጽፉ፣ ከአንዲት ልጃቸው በቀር ማንም የሌላቸው ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሐረገወይን ከመጋረጃው ኋላ ሆና ጆሮዋን ጣለች። ዛሬ አባቷ እንቢ ካሉ ደግመው እሺ እንደማይሉ ታውቃለች።

መሪ ሽማግሌው አያ በላቸው፣ አላምረው ያቺን አልማዝ ፈርጥ አድርጎ የሠራውን ቀለበት ከፍ አድርገው ጀመሩ። «ልጁ ሸጋ ነው፣ ጨዋ ነው። ፈርጡም አልማዝ ነው። ቀለሙ እንደ ምንጭ ውሃ፣ አቆራረጡ የተዋጣለት፤ ውስጡ ደግሞ ነቁጥ አለበት።»

«ምን አለበት?»

«ነቁጥ። ያለበትን ሳይናገሩ መስጠት በሙያችን ክልክል ነው ብሎኛል ልጁ።»

የመሪጌታ ፊት ጠቆረ። «ለመሥዋዕት የሚቀርብ በግ እንኳ ነውር የሌለበት ይመረጣል። የልጄን ትዳር በነውር አልጀምርም። በሰላም ሂዱ።»

«ዝም ብትል ምን ነበረበት?» ብለው አንዱ ሽማግሌ አያ በላቸውን በሹክሹክታ ጎሸሟቸው።

«ዝም ማለቱማ እኔንም አምሮኝ ነበር!»

ያኔ መጋረጃው ተገለጠ። «አያ በላቸው፣ ጥቂት ይቆዩልኝ» አለች ሐረገወይን። አባቷ የሚጽፉበትን ብራና አንሥታ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው። መካከሉ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ፊደሉ ዙሪያውን ጠምዘዝ ብሎ ያልፋል።

«አባባ፣ ይህን ምነው አልጣሉትም?»

«ለምን ይጣላል? ፍየሏን በሕይወት ሳለች ተባይ የነከሳት ነው፤ ሲወጠር ሰፋ።»

«ከዚህስ ወረቀት አይሻልም?»

«ወረቀት እንከን የለውም፤ ግን ነፍስ አልነበረው…» የመሪጌታ ዓይን ቀዳዳው ላይ ቀረ።

«ብርጭቆም እንደዚያው ነው፣ አባባ። አልማዝ ግን ከተፈጠረችበት ምልክቷን ይዛ ትወጣለች። ልጁ ደብቆ መስጠት ይችል ነበር። እንከኑን አስቀድሞ የሚናገር ሰው፣ ኋላ ምን ይደብቀኛል?»

መሪጌታ ቀለበቱን ተቀበሉ። ብራና እንደሚመረምሩ ከብርሃኑ ፊት አድርገው ብዙ አዩት። ቀጥሎ ዓይናቸው ልጃቸው አንገት ሥር አረፈ።

«እናትሽ የተወለድሽ ዕለት ይህችን አይታ፣ ማርያም ስማልኛለች ብላ ተደሰተች» አሉ ድምፃቸው ላልቶ። ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉልበታችን መች እሺ ብሎን ተነሣን!» አሉ አያ በላቸው።

በጥር ተጋቡ። ሙሽራዪቱ በጣቷ አልማዟን፣ በጆሮዋ የእናቷን ጉትቻ አድርጋ ወጣች።

«ብርጭቆና አልማዝ በአንድ ቀን?» አላት አላምረው በጆሮዋ።

«አንተ ስማቸውን በልካቸው ጥራ። ሁለቱም የኔ ናቸው።»